የሬቲና ደም ሥር ሲዘጋ፦ ስለ መርፌው፣ ስለ ሌዘሩና ስለ ቀዶ ሕክምናው

ይህን የምጽፈው «የሬቲናዎ ደም ሥር ተዘግቷል» ተብለው ከሐኪም ቤት ወጥተው፣ ቤት ሲደርሱ ለልጆቻቸው ምን ብለው እንደሚያስረዱ ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። እኔ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ብዙ ዓመት የሠራሁ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ መጨረሻ ላይ የግራ ዓይኔ ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ካሉት የደም መልስ፣ ማለትም ደሙን መልሶ የሚወስደው ሥር፣ ቅርንጫፎች አንዱ የተዘጋብኝ፣ ከዚያም በኋላ መርፌውንም፣ ሌዘሩንም፣ ቀዶ ሕክምናውንም በየተራ ያየሁ ታካሚ ነኝ። አብዛኛው ታካሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ የተዘጋውን ማን ይከፍትልኛል?» ብሎ ነው። መልሱ መራራ ቢሆንም ቀድሞ መታወቅ አለበት፦ በአሁኑ ጊዜ በተለመደው ሕክምና የተዘጋውን ሥር መልሶ የሚከፍት መድኃኒትም ሆነ ቀዶ ሕክምና የለም። የሚታከመው መዘጋቱ ያስከተለው እብጠትና ደም መፍሰስ ነው፤ ሰውነት በበኩሉ ደሙ የሚመለስባቸው ትንንሽ ተለዋጭ ሥሮች እስኪያበጅ ድረስ ዓይኑ እንዳይጎዳ ይጠበቃል። ይህን ከመነሻው የተረዳ ሰው ከጥቂት መርፌዎች በኋላ «አልዳንኩም» ብሎ ቀጠሮውን አይተውም።

ሕመሙ አይወጋም፣ አያቃጥልም፣ ዓይንንም አያቀላም፤ ስለዚህ ብዙዎች ዘግይተው ነው የሚያውቁት። እኔ ቶሎ ያወቅሁት ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ማየት ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የወሩን ሒሳብ ሳመሳክር የግራ ዓይኔ ዕይታ ታችኛው ክፍል ጭስ የገባበት መሰለኝ። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ የመዝገቡን ገጽ ስመለከት፣ ዴቢቱን ከክሬዲቱ የሚለዩት ቀጥ ያሉ መስመሮች መሐል ላይ ጎብጠው ታዩኝ፤ 3 ቁጥርን ከ8 መለየትም አቃተኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሞራ ይሆናል፣ ዕድሜ ነው» አሉኝ። የዓይን ሞራ ግን በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው፤ ማታ ደኅና የነበረ ዓይን ጠዋት ተሸፍኖ ከተገኘ፣ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ከጎበጠ፣ ጉዳዩ ከኋላ፣ ከሬቲናው ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። መነጽር ቤት ሄዶ መለካት ጊዜ ከማባከን በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። የሚፈለገው የዓይን ብሌንን በጠብታ አስፍቶ ወደ ውስጥ የሚያይ ሐኪም ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪና መንዳት አይቻልም።

ሐኪሟ በወረቀት ጀርባ ላይ እየሣለች ያስረዳችኝን እኔም በተረዳሁት መጠን ላቅርበው። ሬቲና በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተነጠፈ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፍ ስስ የነርቭ ሽፋን ነው። ንጹሕ ደም የሚያመጣው ደም ቅዳና ደሙን የሚመልሰው ደም መልስ በዚህ ሽፋን ላይ በየቦታው ይሻገራሉ፤ በሚሻገሩበትም ቦታ ሁለቱ የሚጋሩት አንድ መሸፈኛ አላቸው። የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ቅዳው ግድግዳ ይወፍራል፣ ይጠጥራል፤ አጠገቡ ያለውንና በተፈጥሮው ስስ የሆነውን ደም መልስ ይጫነዋል። እዚያ ላይ ደሙ ይታወክና ይረጋል። በሐምሌ ቱቦው የተደፈነበት ሰፈር ውሃው ወደየግቢው እንደሚገባ ሁሉ፣ መውጫ ያጣው ደምም ከቀጫጭኖቹ ሥሮች እየሾለከ ሬቲናውን ያጥለቀልቀዋል። ፈሳሹ ማኩላ ወደሚባለው፣ ለማንበብና የሰው ፊት ለመለየት ወደምንጠቀምበት መሐለኛ ቦታ ሲደርስ ዕይታ ይወርዳል። የእኔ የተዘጋው በላይኛው በኩል ከጆሮ አቅጣጫ ያለው ቅርንጫፍ ነበር፤ በብዛትም የሚዘጋው ይኸኛው ነው። ምስል በሬቲና ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ ጭሱ የታየኝ ከታች ነበር።

በዚህ ላይ ኦክስጅን ያነሰው የሬቲና ክፍል ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል። ይህ ፕሮቲን ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ሥሮቹን የበለጠ አሾላኪ ያደርጋቸዋል፤ ሲበዛ ደግሞ አዳዲስ፣ ግን ደካማና በቀላሉ የሚደሙ ሥሮች እንዲበቅሉ ይገፋፋል። በዓይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጡት መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህን ፕሮቲን በመያዝ ነው። ቅርንጫፉ ሳይሆን ዋናው ደም መልስ በዓይን ነርቭ ውስጥ ሲዘጋ ግን ጉዳቱ መላውን ሬቲና ስለሚያዳርስ ይከብዳል፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከዓይኔ በፊት የተለካው ክንዴ ነበር፤ ግፊቴ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ሙሉ የደም ምርመራ ታዘዘልኝ፤ የዓይን ግፊቴም ተለካ፤ ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚመጣው የዓይን ነርቭ ሕመም፣ ግላኮማ፣ ራሱ ለዚህ ሕመም ከሚያጋልጡት አንዱ ነውና። ታካሚው ወጣት ከሆነ ወይም ሁለቱም ዓይኖች ከተያዙ ሐኪሞች ደም የመርጋት ጠባይ ያለባቸውን በሽታዎችም ይፈልጋሉ። ከዚያ ኦሲቲ በሚባለው የሬቲናን ውፍረት በሚያሳይ መሣሪያ ማኩላዬ ፎቶ ተነሣ። ይህ ምርመራ አያምም፣ መርፌም የለውም፤ አገጭን አስደግፎ አንድ ምልክት ለጥቂት ሴኮንድ ማየት ብቻ ነው። የጤናማ ማኩላ ውፍረት መሐሉ ላይ ከ250 እስከ 300 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ሲሆን የእኔ ከ500 አልፎ፣ በምስሉ ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቋቁር ክፍሎች ይታዩበት ነበር። የወረቀቱን ቅጂ ጠይቄ ወሰድኩ፤ ሁላችሁም ውሰዱ። የሚቀጥለው ሐኪም መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚፈርደው ይህን ቁጥር ከኋለኛው ጋር አመሳክሮ ነው። በክንድ ሥር በሚሰጥ ቀለም የሚደረገው የሥር ፎቶግራፍ ደግሞ የትኛው የሬቲና ክፍል ደም እንዳጣ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ቆዳ ለሰዓታት ብጫ ሊመስል፣ ሽንትም ደማቅ ብጫ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ጉበቴ ታመመ ብሎ ይደነግጣል።

ለእኔ የተጀመረልኝ መድኃኒት አቫስቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነበር፤ ወደ ዓይን የመጣው ቪኢጂኤፍን ስለሚይዝና ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ስለሚቀንስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለዓይን ሕክምና አካቶታል። ስለዚህ «የካንሰር መድኃኒት ዓይኔ ውስጥ ሊያስገቡ ነው» ብሎ መሸሽ አያስፈልግም። ለዓይን የሚሰጠው 1.25 ሚሊግራም ብቻ ሲሆን አንዱ ብልቃጥ ግን 100 ሚሊግራም ይይዛል፤ ብልቃጡም ከጀርም በጸዳ ሁኔታ ወደ ብዙ ትንንሽ ሲሪንጆች ይከፋፈላል። በዚህም ምክንያት ታካሚዎች በአንድ ቀን ተሰብስበው ይቀጠራሉ። ቀጠሮው ለምን በሳምንቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን እንደማይገኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አከፋፈሉ ካልጸዳ አደጋው ትልቅ ስለሆነ «የሚከፋፈለው የት ነው? በማን?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ የታካሚ መብት ነው፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምም።

ሌሎቹ ለዓይን ተብለው የተሠሩት ሉሰንቲስና አይሊያ ናቸው። በአሜሪካ ሉሰንቲስ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ አይሊያ በ2012 ለዋናው ደም መልስ፣ በ2014 ደግሞ ለቅርንጫፉ ተፈቅዷል። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ብዙ ሰው ይከራከርበታል። በዋናው ደም መልስ መዘጋት ላይ በአሜሪካ ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት፣ አቫስቲን በስድስት ወር ውስጥ ከአይሊያ የማያንስ ውጤት እንደሰጠ አሳየ፤ በ2019 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ግን ወደ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አቫስቲን ከሉሰንቲስ አያንስም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ የማይገኘውን ውድ መድኃኒት እየጠበቁ ወራት ከማሳለፍ የሚገኘውን በጊዜው መጀመር እንደሚሻል ነው።

ስለ መርፌው ፍርሃት ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ብዙ ሰው የሚቀረው በዚህ ነውና። ሂደቱ እንዲህ ነው። የማደንዘዣ ጠብታ በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግመው ያደርጉልዎታል። ከዚያ ቡናማው አዮዲን በቆቡ፣ በሽፋሽፍቱና በዓይኑ ላይ ይፈስሳል። ጀርምን የሚከላከለው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ቢያቃጥልም መታገሥ ነው። ፊት ላይ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ቆቡን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ መሣሪያ ይገባል። የእኔን ዓይን ትይዝልኝ የነበረችው ሲስተር ሁልጊዜ «እትዬ፣ አይዞዎት፣ ወደ ላይ ወደ ጣሪያው ይመልከቱ፤ ራስዎን ብቻ አያንቀሳቅሱ» ትለኝ ነበር። መርፌው የሚገባው በጥቁሩ ላይ ሳይሆን በነጩ ክፍል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ 4 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ሲመጣም አይታይም። የሚሰማው እንደ ጣት የመጫን ስሜት ነው፤ ዓይኑ ከተከፈተ በኋላ መርፌው ራሱ የሚወስደው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ወዲያው የሚዋኙ ጥቋቁር ክብ ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ፤ እነሱ የአየር አረፋዎች ስለሆኑ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋሉ። መርፌው የገባበት ቦታ ደም ቋጥሮ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቢቀላም ለጥቂት ቀናት ከማስደንገጥ በቀር ጉዳት የለውም። በጣም የሚያስቸግረው የመጀመሪያዋ ማታ ናት፤ ማደንዘዣው ሲለቅ አዮዲኑ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል፤ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል የሌለበት የእንባ ጠብታ ከሐኪም ጠይቆ ይዞ መሄድ ይህን በእጅጉ ያቀልላል።

ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት ዓይንን አለማሸትና ያልተጣራ ውሃ አለማስነካት ነው። እዚህ ላይ እኔን የመሰሉ ምእመናን እንዲያውቁት የምፈልገው አለ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መርፌ በወሰደበት ሳምንት ውሃው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ለአጥማቂው መናገር አለበት፤ እኔ ለአባ ነግሬያቸው «ጠጪው፣ ዓይንሽን ሐኪምሽ ሲፈቅድ እናጥባለን» ብለውኛል። ከጥቂት ሺህ መርፌዎች በአንዱ የሚያጋጥመው በዓይን ውስጥ የሚፈጠር ኢንፌክሽን ዓይንን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። ምልክቱ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት፣ መሻል ሲገባው እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ብርሃን መፍራትና የዕይታ መውረድ ነው። ያን ጊዜ እሑድም ሆነ ሌሊት፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ስለዚህ ከመርፌ ክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ከሥራ ሰዓት ውጪ የት እንደምትሄዱ ጠይቁ።

መርፌው በየወሩ ነበር። ዕይታዬ ከሁለተኛው ጀምሮ መሻሻል አሳየ፤ በሰሌዳው ላይ ትልቁን ፊደል ብቻ ከማየት ተነሥቼ ወራት ሳይበዙ ወደ መሐለኛዎቹ መስመሮች ወረድኩ። መስመሮቹ ጨርሰው ባይቃኑም ቁጥር መለየት ቻልኩ። ከዚህ በኋላ ክፍተቱ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል፤ ማኩላው ደርቆ ከቆየ ስድስት ሳምንት፣ ከዚያ ስምንት እያሉ ያራዝማሉ። በመሐል ድጋሚ ቢያብጥ ክፍተቱ ይጠባል እንጂ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

የእኔ ነገር የተበላሸው በመድኃኒት እጥረት ነው። የምታከምበት ቦታ አቫስቲን አለቀ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» እየተባለ ወራት አለፉ። ዲሲ ያለችው እኅቴ ገዝታ በሰው ሻንጣ ልትልክልኝ ተነሣች፤ ሐኪሜ ግን አልፈቀደችም። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ሳይቋረጥ መቀመጥ አለበት፤ በሻንጣ ውስጥ በአውሮፕላንና በጉምሩክ ያደረ ብልቃጥ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ውጭ ያሉ ቤተ ሰቦች ለመርዳት ከፈለጉ እዚህ በሕጋዊ መንገድ ለሚገባው መድኃኒት ገንዘብ መላክ ይሻላል። እብጠቱ ተመልሶ ሲመጣ በምትኩ ትራያምሲኖሎን የሚባል የስቴሮይድ መርፌ በዓይኔ ውስጥ ተሰጠኝ። ስቴሮይድ እብጠትን በሌላ መንገድ ይቀንሳል፤ በውጭ አገር ደግሞ ዴክሳሜታሶን የያዘ፣ በዓይን ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ ለወራት የሚሠራ ጥቃቅን ዘንግ አለ። የሁለቱም ጠንቅ አንድ ነው፦ የዓይን ግፊትን ያስነሣሉ፣ ሞራንም ያፋጥናሉ። የእኔ ግፊት በሳምንታት ውስጥ ወጥቶ ቲሞሎል ጠብታ ጀመርኩ። አስም ያለበት ሰው ቲሞሎል ሊያፍነው ስለሚችል አስም እንዳለበት ቀድሞ መናገር አለበት፤ የዓይን ጠብታ ሳንባን ይነካል ብሎ የሚገምት ሰው ጥቂት ነው።

በዚሁ ክፍተት ውስጥ የተፈራው ሌላው ነገር መጣ። ደም ያጣው የሬቲና ክፍል አዳዲስ ደካማ ሥሮች አብቅሎ ነበርና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በግራ ዓይኔ ውስጥ ጥቁር ክር ሲወርድ አየሁ፤ ማታውን ጥላሸት ሆነ፤ በማግሥቱ ከብርሃንና ከጨለማ በቀር የሚለይ ነገር አልነበረም። ዓይንን የሞላው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ደም ፈስሶ ነው። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ ሬቲናው አለመላቀቁን አረጋግጣ ራሴን ከፍ አድርጌ እንድተኛና ደሙ በራሱ ይጠራ እንደሆነ እንድንጠብቅ ወሰነች፤ አልጠራም።

በዚያ የጥበቃ ጊዜ ነው አንድ ታካሚዎችን ወደ ውጭ አገር የሚያገናኝ ደላላ በዘመድ በኩል ደርሶኝ «እዚያ የተዘጋውን ሥር በቀዶ ሕክምና ይከፍቱታል» ያለኝ። ወጪው ቤት የሚያሸጥ ነበር። ጉዳዩን ለሐኪሜ ሳነሣ እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በእርግጥ ተሞክሮ እንደነበር ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደም ቅዳውና ደም መልሱ የሚጋሩትን መሸፈኛ በመሰንጠቅ የተጫነውን ሥር ለማላቀቅ የተደረገ ሙከራ ለሕትመት በቅቷል፤ በ2001 ደግሞ ዋናው ደም መልስ ለተዘጋባቸው ሰዎች የዓይን ነርቩን ጠርዝ በስለት በመሰንጠቅ ቦታ ለመስጠት ተሞከረ። ሐሳቡ ለሰሚ ያሳምናል። ሆኖም ጥቅማቸው ከአደጋቸው እንደሚበልጥ በአስተማማኝ ጥናት ስላልተረጋገጠ፣ መርፌው ከመጣ በኋላም ሐኪሞች ትተዋቸዋል። ማንም «ሥሩን እከፍታለሁ» ቢላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «የቀዶ ሕክምናው ስም ምንድን ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉና ለሬቲና ስፔሻሊስት አሳዩ። ደላላው ስሙን ሊነግረኝ አልቻለም።

ዛሬ ለዚህ ሕመም ቀዶ ሕክምና የሚደረገው በዋናነት እንደ እኔ ደም ሲፈስስ ወይም ሬቲናው ሲጎተትና ሲላቀቅ ነው፤ ስሙም ቪትሬክቶሚ ይባላል። የተሠራልኝ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ አላስፈለገኝም፤ በዓይኔ ዙሪያ በመርፌ አደነዘዙኝ። ከዚያ በነጩ ክፍል ላይ ሦስት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሱ መግቢያዎች ይከፈታሉ፦ በአንዱ ንጹሕ ፈሳሽ ይገባል፣ በአንዱ መብራት፣ በሦስተኛው እየቆረጠ የሚመጥጥ መሣሪያ። ሕመም አልነበረም፤ የመሣሪያው የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ድምፅና የሐኪሞቹ ንግግር ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ጥቁሩ ጭጋግ ሲመጠጥ ብርሃን ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ደሙ ከጸዳ በኋላ እዚያው ውስጥ በሌዘር ደም ያጣውን የሬቲና ክፍል ተኮሱት፤ ይህም ቪኢጂኤፍ የሚያመነጨውን ክፍል በመቀነስ አዳዲሶቹ ሥሮች እንዲከስሙ ያደርጋል። ሬቲናውን በቦታው ደግፎ የሚይዘው ጋዝ ለእኔ አላስፈለገኝም። ከእኔ ጋር የተሠራለት ከድሬዳዋ የመጣ ወጣት ግን ሬቲናው ተላቅቆ ስለነበር ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ተደርጎለት፣ ጋዙ እስኪጠፋ በአውሮፕላን እንዳይሄድ ተከልክሏል። ከፍታ ላይ ጋዙ ስለሚሰፋ የዓይን ግፊት ድንገት ይወጣል። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ሰዎች የመመለሻ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት «ጋዝ ይደረግልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሌዘር አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ሰዎች ይደባልቁታል። አንደኛው እኔ ያገኘሁት ደም ላጣው ዳርቻ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ማኩላው አካባቢ በስሱ የሚተኮሰው ሲሆን፣ በቅርንጫፍ መዘጋት ላይ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ስለተረጋገጠ መርፌው እስኪመጣ ድረስ ዋናው ሕክምና ይኸው ነበር። በዋናው ደም መልስ መዘጋት ላይ ግን እብጠቱን ቢቀንስም ዕይታን እንዳላሻሻለ ሌላ ጥናት በ1995 አሳይቷል። ለዳርቻው የሚሰጠው ሌዘር የጠፋ ዕይታን አይመልስም፤ ከሚመጣ ጉዳት ይከላከላል። «ሌዘር አደረግሁ፣ ምንም አልታየኝም» የሚለው ቅሬታ በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው።

እዚያው አግዳሚ ላይ የተዋወቅኋቸው አንድ አባት ዋናው ደም መልስ የተዘጋባቸው ነበሩ። የመጡት ዓይናቸው ቀልቶ፣ ራሳቸውን እያመማቸውና እያስመለሳቸው፣ ማይግሬን ነው ተብለው ከቆዩ በኋላ ነው። ደም ባጣ ዓይን ውስጥ አዲሶቹ ሥሮች በቀለማማው የዓይን ክፍል ላይ በቅለው የፈሳሹን መውጫ ሲዘጉ ከባድ ግላኮማ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሥሩ ከተዘጋ ሦስት ወር አካባቢ ስለሚታይ ሐኪሞች የመቶ ቀን ግላኮማ ይሉታል። ዋናው ደም መልስ የተዘጋበት ሰው እንግዲህ ዕይታው ባይሻሻል እንኳ በእነዚህ ወራት በየወሩ መታየቱን መተው የለበትም። «ይህ ዓይን ለዘለዓለም ሄዷል» ብሎ መቅረት ለሕመም ይዳርጋል።

የደም ግፊት ኪኒን በዓይን ክፍል አይታዘዝም፤ የሚታዘዘው በውስጥ ደዌ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ስለማይነጋገሩ ወረቀቱን ይዞ የሚመላለሰው ታካሚው ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት አምሎዲፒን እወስዳለሁ፤ ግፊቴን ቤት እየለካሁ በደብተር እመዘግባለሁ። ይህ የተዘጋውን ሥር ባይከፍትም ሌላውን ዓይን፣ ልብንና አንጎልን ይጠብቃል። አስፕሪንና ሌሎች ደም ማቅጠኛዎች የሬቲናን ሥር ይከፍታሉ ተብሎ በሰፈር ይመከራል፤ ለዓይኑ ብሎ በራስ ውሳኔ መጀመር አይገባም፤ ደም በሚፈስስበት ዓይን ላይ ጥቅሙ አልታየም። ለልቡ የታዘዘለት ግን ለዓይን ብሎ ማቆም የለበትም፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን መድኃኒቱ በመጠኑ ይገኛል፤ መርፌው በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ሆኖልኛል። ግራ ዓይኔ ጋዜጣ ለማንበብ አይበቃም፤ መንገድ ለመሻገርና ሰው ለመለየት ግን ይበቃል። ቪትሬክቶሚ የተደረገለት ዓይን ሞራ ቶሎ ስለሚያወጣ አሁን የጀመረኝ ጭጋግ እሱ ነው። ሐኪሟ ሞራውን ለማውጣት አልቸኮለችም፦ መጀመሪያ ማኩላው በሁለት ተከታታይ ኦሲቲ ደረቅ ሆኖ እንዲታይ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም አንድ መርፌ እንድወስድ፣ ከዚያም በኋላ እብጠቱ እንዳይመለስ በቅርብ እንድታይ አቅዳለች። የመጀመሪያው ኦሲቲ ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሁለተኛው ከጥምቀት በኋላ ነው።